ሂሳብ ከዜና በፊት

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ፣ ቶምፒንግ ሠፈር፣ ከኤርፖርቱ ብዙም ሳይርቅ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። ምግቡ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ባለቤቷ በማርያም ስላስማሉኝ ነው፤ «ስለ ወጡም ስለ ሰዉም የፈለግከውን ጻፍ፣ የቤቴን ስም ግን እንዳታነሣ» ብለውኛል። ጁባ ለሚኖር ሐበሻ «ወረቀቷ የተለጠፈችበት ቤት» ማለት ይበቃዋል። ወረቀቷ ካሸሯ ከምትቀመጥበት በላይ ግድግዳው ላይ ናት። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ አንድ ነገር ትላለች፦ «ሂሳብ የሚከፈለው ከማታው ዜና በፊት ነው።»

እንግዳ ሰው ያያትና ይስቃል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እሷ ናት፤ ግን ሆዳችሁን ላስቀድም።

መጀመሪያ አንድ ኑዛዜ። የዚህን ቤት ጄኔሬተር የምጠግነው እኔ ነኝ፤ የድካሜም ግማሹ በምሳ ይታሰብልኛል። ስለዚህ ከአምስት አራት ኮከብ ስሰጥ አንዱ የወዳጅነት ነው በሉ። ጁባ የመጣሁት በ2012 ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ የምቆጥረው ተራቅቄ አይደለም፤ እዚህ የኖረ ሰው የአገሩን ቀን የሚያስታውሰው ለጾምና ለበዓል ብቻ ነው።)

እንጀራው የአዲስ አበባ ጤፍ ነው፣ በአውሮፕላን ይገባል። ዶላር ሲጠፋ ማሽላ ይቀላቀልበታል፤ ያን ቀን አስተናጋጇ ገና ሳትቀመጡ «ዛሬ ቅልቅል ነው» ትላችኋለች፣ አይደብቁም። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል። ጥብሱ እንደ ፍየሏ ዕድሜ ነው፣ አንዳንድ ቀን ከጥርስ ጋር ያጣላል። የቤቱ ክብር ዓሣው ነው። ነጭ ዓባይ ዳር ተቀምጦ ዓሣ የማይችል ቤት መዘጋት አለበት ባይ ነኝ። እትዬ (ባለቤቷን የምንጠራቸው እንዲህ ነው) በጠዋት ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ራሳቸው ወርደው ስንጥቡን ገለጥ እያደረጉ ነው የሚመርጡት። የዓሣ ዱለቱን ረቡዕና ዓርብ ሞክሩት፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትቼላቸዋለሁ። ዋጋው ሜኑው ላይ በእርሳስ ነው የተጻፈው። እኔ ስመጣ ዶላሩ በጣት በሚቆጠር ፓውንድ ይመነዘር ነበር፤ ዛሬ ቁጥሩ በሺ ነው፣ ሰው ምሳ ለመብላት ፌስታል ሙሉ ፓውንድ ተሸክሞ ይመጣል። ላጲሱ ከካሸሯ እጅ አይጠፋም።

አስተናጋጆቹ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ከሁሉ የምወድላቸው ዝምታቸውን ነው። ዝምታን የተማሩት ግን በመከራ ነው። ከአዲስ አበባ ገና የመጣች አንዲት ልጅ፣ ሱፍ ለብሰው በረንዳው ላይ የተቀመጡ ረጅም አዛውንት እያየች ለጓደኛዋ «እኚህ ሰውዬ ከሥልጣን ሊነሡ ነው አሉ፣ ሂሳባቸውን ቶሎ ተቀበያቸው» አለቻት። ሰውየው ዐይናቸውን ከሜኑው ሳያነሡ «ልጄ፣ እኔም ሰምቻለሁ፤ መጀመሪያ ቡና አምጪልኝ» አሏት፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ልጅቷ ወጥ ቤት እንደገባች መሸ።

ይኼ እዚህ ለኖረ ሰው እንግዳ አይደለም። ኤስፒኤልኤ፣ ያኔ አማፂ የነበረው በኋላ የደቡብ ሱዳን ጦር የሆነው፣ በ1983 ሲቋቋም ደጀኑ የእኛ ጋምቤላ ነበር፤ ኢታንግ፣ ፑኝዶ፣ ቢልፋም። ጁባ ያለው የጦሩ ጠቅላይ ሠፈር ዛሬም ቢልፋም ነው የሚባለው፣ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። በደርግ ዘመን እዚያ ያደጉና የሠለጠኑ ልጆች ናቸው አሁን ጄኔራልና ሚኒስትር የሆኑት፣ ዲንካውም ኑዌሩም። ስብሰባ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጣሉ ውለው ማታ እዚህ ይመጡና፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከበረንዳ፣ በአንድ ዓይነት የኢታንግ አማርኛ «ቃሪያ ጨምሪበት» ይላሉ።

ከውስጥና ከበረንዳ ያልኩት እንዲያው አይደለም። ቤቱ ሦስት መቀመጫ አለው፦ የውስጡ ክፍል፣ በረንዳውና ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ጥላ። ለእኔ ቢጤው የትም ይሁን። ባለሥልጣን ሲመጣ ግን ወጥ ቤት ውስጥ አጭር ምክክር ይደረጋል። በጁባ አነጋገር የፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ወገን «አይ ጂ» ነው፣ የተቀናቃኛቸው የሪክ ማቻር ወገን «አይ ኦ»፤ በመንግሥት ያለውና በተቃውሞ ያለው ማለት ነው። ሁለቱም ግን አንድ ካቢኔ ውስጥ ኖረዋል፣ እሱን እንዳትጠይቁኝ። አይ ጂ ውስጥ ከተቀመጠ ለአይ ኦ በረንዳው ይሰጠዋል። ሁሉም ጀርባውን ለግድግዳ ፊቱን ለበር ማድረግ ስለሚሻ፣ እትዬ ጠረጴዛውን ሁሉ ከግድግዳ አስጠግተው መሐሉን ባዶ ትተውታል። መጀመሪያ የገባ ሰው ሙሽሮቹ የቀሩበት ሠርግ ይመስለዋል።

ሁለቱ ወገኖች አብረው የሚመጡበትም ቀን አለ፣ የሆነ የጋራ ኮሚቴ ሲኖር። ያን ቀን በያይነቱን እንኳ በየሰሃኑ ነው የሚያዝዙት። እኔ ባየሁበት ጊዜ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ እጅ አግጥመው አያውቁም። ጠባቂዎቻቸው ግን ኒሙ ሥር ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ፍቅር አይምሰላችሁ፣ ደመወዝ ካዩ የቆዩ ልጆች ናቸው፣ ትሪ ሲጋሩ ይረክሳል። ክላሹ ከጭናቸው አይወርድም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እትዬ ያገኙት ነገር ቢኖር የጥይት ካዝናው ተነቅሎ ኪስ እንዲገባ ነው። ይኼ ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ስምምነት እስካሁን አልፈረሰም።

ወደ ወረቀቷ ልመለስ። የተለጠፈችው በ2016 ነው፣ ምክንያቱም የኪርና የማቻር ጦርነት እንዲቆም የተፈረመው የ2015ቱ ስምምነት ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ማቻር አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። ኪር ያን ቀን ሳይፈርሙ ተመልሰው፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጁባ ላይ ቅሬታቸውን በዝርዝር አያይዘው ፈረሙ። እኛ ያኔ ፊርማው እንጂ አብሮት የተያያዘው ወረቀት አልታየንም። በሚያዝያ 2016 ማቻር ጁባ ሲገቡ ሰዎቻቸውም ተከትለው ገቡ፣ ያኔ ጉዴሌ የነበረው ይኸው ምግብ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። እትዬ ለሁሉም ዱቤ ይሰጡ ነበር። የአንድነት መንግሥት ነው፣ ሚኒስትር ነው፣ ማን ይክዳል ብለው።

ጁላይ 8፣ ዓርብ፣ የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም፤ እኔ ሽሮዬን ይዣለሁ። በዋዜማው እዚያው ጉዴሌ ኬላ ላይ የሁለቱ ወገን ወታደሮች ተታኩሰው ሰው ሞቶ ነበርና ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ያን ዕለት ኪርና ማቻር ጄ ዋን በሚባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ አብረው ተቀምጠው ሳለ ደጅ ጠባቂዎቻቸው ተታኮሱ። ከዚያ ከተማው በሙሉ ተቀጣጠለ። እትዬ፣ ሦስት ልጆችና እኔ ከዓርብ እስከ ሰኞ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተኝተን ሰነበትን፤ የጠጣነው የሽንኩርት ማጠቢያ የተባለውን ውኃ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ቀና ስንል ምግብ ቤቱ ተዘርፏል፤ ወንበሩም ፍሪጁም ሄዷል፣ ምጣዱ ሳይቀር። ምጣድ የወሰደው ሰው ምን ሊጋግርበት እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

የተረፈችው የዱቤ ደብተሯ ናት። ማቻር ጫካ ለጫካ ኮንጎ ገቡ፤ ከደብተሩም አንድ ሙሉ ገጽ አብሯቸው ኮንጎ ገባ። ወሩ ሳያልቅ ታባን ዴንግ ጋይ በማቻር ወንበር፣ በአንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንትነት፣ ተቀመጡ። እትዬ «ወንበሩን ወረሱ፣ ዕዳውን ግን አልወረሱም» ብለው ቶምፒንግ በአዲስ ምጣድ ሲከፍቱ መጀመሪያ የለጠፉት ሜኑውን ሳይሆን ወረቀቷን ነው።

ለምን «ከዜና በፊት»? እዚህ አገር ሹመትና ሽረት በደብዳቤ አይደርስም። የመንግሥቱ ቴሌቪዥን በማታው ዜና የፕሬዚዳንቱን ድንጋጌ ያነብባል፣ ሚኒስትሩም ከእኔ እኩል ይሰማል። አንድ ምክትል ሚኒስትር ጉርሻው አፋቸው ሳይደርስ ስማቸው ሲነበብ አይቻለሁ። ጉርሻዋን ሰሃኑ ላይ መልሰው በቀስታ አስቀመጧት። ጠረጴዛቸው ላይ የነበሩት አራት ሰዎች ወዲያው ስልክ መጣላቸው፣ አንድ በአንድ ወጡ፤ የአምስት ሰው ሂሳብ ደመወዝ በሌላቸው ሰው ላይ ቀረ። እትዬ ያን ቀን አላስከፈሏቸውም። በማግስቱ ግን ወረቀቷን በቀይ እስክሪብቶ አደመቋት።

የ2018ቱን ስምምነት ታስታውሳላችሁ። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሁለቱን ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሲያቃቅፉ ፎቶው ጁባን አዳረሰው፤ ዋናው ሰነድ ደግሞ መስከረም 2 ቀን 2011 በእኛ አቆጣጠር፣ የእንቁጣጣሽ ቄጤማ ገና ከየቤቱ ሳይጠረግ፣ እዚያው አዲስ አበባ ተፈረመ። መንግሥቱ ለመቆም እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ፈጀ። ሲቆም ግን ሰፊ ነበር፦ አምስት ምክትል ፕሬዚዳንት (ማቻር አንደኛው)፣ 35 ሚኒስትር፣ ለ550 ሰው የተቆረጠ ፓርላማ። ሚኒስትሩ ሃያ ለኪር፣ ዘጠኝ ለማቻር፣ የቀረው ለሌሎቹ። ከዐሥሩ ክልሎች ስድስቱ ለእነዚህ፣ ሦስቱ ለእነዚያ፣ አንዱ ለሦስተኛ ወገን። እንደ ቅርጫ ሥጋ ነው፤ ችግሩ ቢላዋው አንድ ሰው እጅ መቅረቱ ነው። ለእትዬ አምስት ምክትል ማለት የአምስት ሰው አጃቢ፣ የአምስት ሰው ሾፌር ምሳ ነበር፤ የቤቱ ወርቃማ ዘመን እሱ ነው። ተዋሕዶ አንድ ይሆናል የተባለው ጦር ቢዋሐድ ኖሮ ግማሹ ትሪ ይቀርባቸው ነበር። የመጀመሪያው ዙር የተመረቀው በ2022 ነሐሴ ነው፣ ጠመንጃ ሳይኖረው፣ ብዙዎቹ በትር ይዘው ተሰልፈው።

በማርች 2023 ኪር የመከላከያ ሚኒስትሯን አንጀሊና ቴኒን፣ የማቻርን ባለቤት፣ በድንጋጌ አነሷቸው፤ ከዚያም በስምምነቱ የማቻር ድርሻ የነበረውን መከላከያን ለራሳቸው ወገን ወስደው በምትኩ የአገር ውስጥ ጉዳዩን ሰጡ። በረንዳው ያን ማታ ጸጥ አለ። አንዱ ሰው ብቻ «ሽሮ አዝዤ ምስር ከመጣልኝ እመልሰዋለሁ፤ ይኼን ለማን ነው የምመልሰው?» አለ። የማንኛው ወገን እንደሆነ አልናገርም።

አሁን ስለ ዱቤ ትክክለኛ መረጃ ልስጣችሁ፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዱቤ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በ2024 መጀመሪያ በሱዳን በኩል የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ተጎድቶ የመንግሥት ሠራተኛ ለወራት ደመወዝ ሲያጣ፣ እትዬ ለመምህር፣ ለነርስ፣ ለመዝገብ ቤት ጸሐፊ ዱቤ ከፈቱ። ማዕረግ ሲጨምር ግን ዱቤ ይቀንሳል። ዳይሬክተር አንድ ሳምንት ይፈቀድለታል፣ ምክትል ሚኒስትር እስከ ነገ፣ ሚኒስትር እስከ ዜናው። ጄኔራል ቀድሞ ይከፍላል። «ኢንጂነር» አሉኝ አንድ ቀን ደብተሩን እያሳዩኝ (እዚህ ጄኔሬተር የነካ ሁሉ ኢንጂነር ነው) «ጸሐፊዋን የሚያነሣት የለም፣ ወንበሯን የሚመኝ ስለሌለ።» ደብተሩ በወገን የተከፈለ ነው፣ በግራ አይ ጂ፣ በቀኝ አይ ኦ። ባንክ ብሆን የዚህን አገር መንግሥት ጤና ከዚያ ደብተር ነበር የምለካው።

ቅሬታዎቼን እዚህ ላስገባ። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሚኒስትር ሲገባ ጠባቂው በር ላይ ይቆምና ሰልፉ ይረዝማል። ቡናው ዝንጅብል ይበዛበታል፣ የአገሩ ሰው ስለሚወደው ነው ይላሉ፣ እኔ አልለመድኩትም። የጄኔሬተሩ ድምፅ ወሬ አያሰማም የሚል ሰው አለ፤ ሳይለንሰሩን ልቀይር ብዬ ስጠይቅ እትዬ ራሳቸው ከልክለውኛል፣ ደንበኛው ጎረቤት ጠረጴዛ እንዲሰማው አይፈልግም። የቀነስኳት ኮከብ ግን በሌላ ነገር ነው። በማርች 2025 ናስር ላይ ጦርነት ሲነሣ፣ ወጥ ቤት የምትሠራውን የጋምቤላ ኑዌር ልጅ፣ ኢትዮጵያዊት ናት፣ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ደንበኛ እንዳትወጣ አደረጓት። ናስር ለጋምቤላ ጎረቤት ናት፤ ዘመዶቿ ድንበሩን ሲሻገሩ ልጅቷ ስልኳን በአንድ ዐይኗ እያየች ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ለደኅንነቷ ነው አሉ። ሊሆን ይችላል። እሷ ግን እንደዚያ አልተሰማትም፣ ነግራኛለች።

በዚያው ወር በ26ኛው ቀን ማቻር በቤታቸው ታሰሩ። በረንዳው ሳሳ። በኤፕሪል ጁባ የቀሩት የፓርቲያቸው ሰዎች ከፊሎቹ ስቲፈን ፓር ኩዎልን ጊዜያዊ ሊቀመንበር አደረጉ፤ በሳምንቱ በረንዳ ሲቀመጡ የነበሩ ሁለት ደንበኞች ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ካሸሯ ደብተሩን ይዛ ግራ ገባት፣ በየትኛው ገጽ ልጻፋቸው ብላ። እትዬ መሐል ላይ አዲስ ገጽ ከፈቱላቸው።

ከዚያ መስከረም 1 ቀን 2018 መጣ፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ደርሷል፣ ጁባ ያለ ሐበሻ ግማሹ እዚያ ነበር፤ እኔም ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ለአንድ ቀን ናፍጣ ናፍጣ አልሸተትኩም። ያን ዕለት ነው ማቻር በግድያ፣ በአገር ክህደትና በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል መከሰሳቸው የተነገረው፤ ከምክትል ፕሬዚዳንትነታቸውም ታገዱ። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩት፤ ከፊርማው ሰባት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

በረንዳው ጥግ፣ እኚያ ጥርት ያለ አማርኛ የሚናገሩት፣ ኢታንግ ያደጉት አዛውንት ብቻቸውን ነበሩ። ለበዓሉ ብለው ነው የመጡት፣ ዶሮ ወጥ ይወዳሉ። ዜናው ሳያልቅ ተነሡና ካሸሯ ጋ ሄደው አንድ 20 ዶላር አስቀመጡ። ልጅቷ መልስ ስትፈልግ «ይቆየኝ፣ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ። እንኳን አደረሳችሁ ማለትም አልረሱም። 6 ዶላር ነው መልሱ። እትዬ ፖስታ ውስጥ ከተው ደብተሩ መሐል አስቀምጠውታል፤ በቤቱ ታሪክ ቤቱ ባለ ዕዳ የሆነበት ብቸኛ ገጽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ችሎቱ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ማቻር ከሰባት ሰዎች ጋር በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጠው ሲታዩ፣ እትዬ ምስሉን ትተው ድምፁን ያጠፉ ነበር። በኖቬምበር ደግሞ የኪር ወራሽ ናቸው ሲባሉ የከረሙት ምክትል ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ቦል ሜል በአንድ ድንጋጌ ከነማዕረጋቸው ወረዱ። ያን ማታ የውስጡ ክፍል ነበር ጸጥ ያለው። ካሸሯ አልተጨነቀችም፤ የዚያ ጠረጴዛ ሂሳብ ቀደም ብሎ ተከፍሏል።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ካለ በጊዜ ሂዱ፣ መንገዱ ይጨቀያል። የተቀደደ ወይም የተጣጠፈ ዶላር አትያዙ፣ አይቀበሏችሁም። ዓሣ እስከ ስምንት ሰዓት ያልቃል። በረንዳው ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ባዶ ሆና «ተይዛለች» ቢሏችሁ አትከራከሩ፣ ሌላ ቦታ ተቀመጡ። መብራቱ ድንገት ቢጠፋም አትደንግጡ፤ ጄኔሬተሩ ነው፣ ይደውሉልኛል።